«ኮሪያ ዘምቷል» የሚል ወሬ ብቻ ይዤ አገር ቤት ገብቼ፦ ማን ጠቀመኝ፣ ማን ገንዘቤን በላ

ስለ አያቴ፣ ማለትም ስለ እናቴ አባት፣ ቤተሰባችን የሚያውቀው ሁለት ቃል ነበር። «ኮሪያ ዘምቷል።» አለቀ። መቼ ሄደ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሆኖ፣ የሚናገር የለም። ዘንድሮ ከቨርጂኒያ ለሦስት ሳምንት ስመጣ ይሄን ሳላጣራ አልመለስም አልኩ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንደወረደ ልንገራችሁ፣ ከውጭ መጥቶ ይሄንኑ የሚፈልግ ሰው ጥቂት አይደለምና።

በእጄ የነበረው አንድ ፎቶና አንድ ሜዳይ ነው። ሜዳዩ የተባበሩት መንግሥታት የሰጠው፣ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው፣ ጽሑፉ በአማርኛ የሆነው ነው። አያቴ በደርግ ጊዜ በጨርቅ ጠቅልሎ ጓሮ ቀብሮት ነበር አሉ። አይፈረድበትም፣ ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር፣ የትግላችን ሐውልትን እንኳ ስናቆም ያገዙን እነሱ አይደሉ፤ በዚያ ሰዓት ከደቡቦቹ ጋር ሆኜ ኮሚኒስት ተዋግቻለሁ ብሎ ደረት መንፋት አያዋጣም። ወረቀት ካለውም ያኔ አቃጥሎታል ትላለች እናቴ።

ከመጥፎው ልጀምር። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ በሰው በሰው አገኘሁ፣ ስሙን አልጠራም። «የጦር ሰነድ በአንድ ሳምንት አወጣልሃለሁ» አለኝና 8,000 ብር ተቀበለኝ። በሳምንቱ እውነትም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ፣ ደስ ብሎኝ ማንበብ ስጀምር ግን አያቴ «በጠላት እጅ ተማርኮ የቆየና በኋላ የተለቀቀ» ይላል። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ በየተራ የላከችው ቃኘው ሻለቃ እኮ የሚታወቀው ከኮሪያ አንድም ምርኮኛ ሳያስቀር በመመለሱ ነው! ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ የሞቱትም አጽማቸው ወደ አገሩ ተመልሷል፣ ምርኮኛ ግን የለም። ይሄን ለሰውዬው ስነግረው «እንዲያውም አሳዝኖኝ ነው የጨመርኩት፣ ታሪኩ እንዲያምር» አለኝ። ብሩን አልመለሰም። ስልኩም ዝግ ነው።

ወመዘክር ሌላ ዓለም ነው። አምባሳደር አካባቢ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማለቴ ነው። የቆየ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠየቅኩ፣ የሚያስተናግዱት ልጆች ትሁቶች ናቸው፣ የሚፈልጉትን በትክክል ማወቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱን አላውቅም። ሁለት ቀን አቧራ በልቼ የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ሲሸኝ፣ ንጉሡ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰጡ፣ ይሄን ይሄን ሳነብ ዋልኩ። መሳጭ ነው። አያቴ ግን የለበትም፣ ያኔ ደግሞ ለምን እንደሌለበት አልገባኝም ነበር።

ነገሩን የፈታልኝ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ራይድ ጠርቼ ሄድኩ፣ ሹፌሩ መጀመሪያ ኮሪያ ሆስፒታል ሊያደርሰኝ ነበር፣ ገርጂ ድረስ ሄደን ተመለስን፣ እሱን ልለፈው። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። እዚያ አንድ ዘጠና ያለፋቸው አባት አገኘሁ፣ ኮታቸው ላይ ሜዳይ ደርድረዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና የአያቴን ስም ከነአባቱ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ በስም አይሆንም» አሉኝ። «ስንቱ ወልዴ፣ ስንቱ ገብሬ ነበር። የትኛው ቃኘው? የትኛው ሻምበል?»

«አባባ፣ እኔ ኮሪያ መሄዱን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ፎቶውን ገልብጠው።»

ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጥር 1945» ይላል። እዚህ ላይ ልናዘዝ፣ አሜሪካ የተወለዱት የአክስቴ ልጆች ይሄን አይተው «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ኮሪያማ ገና ነበር» ብለው አሳምነውን ነበር። በኛ አቆጣጠር መሆኑ ማናችንም ትዝ አላለንም! በፈረንጅ ጥር 1953 ማለት ነው። አባባ ጣታቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው ጨረሱት፦ የመጀመሪያው በ1944 ተመልሷል፣ ሦስተኛው የገባው በ1945 ሚያዝያ ገደማ ነው፣ በዚያ ጥር ግንባር የነበረው ሁለተኛው ቃኘው ነው። እኔ ወመዘክር ሁለት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ሻለቃ ስፈልግ ነበር የከረምኩት።

ከዚያ ፎቶውን ፊት ለፊት አገላበጡት። ቤታችን ውስጥ አያቴ «መድፈኛ» እየተባለ ነው ያደግነው። ሳቁ። «ይሄ ምን መድፍ ነው፣ ሞርታር ነው እንጂ። ከባድ መሣሪያ ሻምበል ውስጥ ነው የነበረው አያትህ።» በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሻለቃውንም ሻምበሉንም አገኘሁ። የሚከፈል ነገር አልጠየቁኝም፤ ለሻይ ብዬ የሰጠኋቸውን በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ስለዚህ እንደኔ የምትመጡ ከሆነ ስም ይዛችሁ አትንከራተቱ። ከመነሳታችሁ በፊት ከቤት ሽማግሌዎች ሻለቃውን፣ ሻምበሉን፣ የሄደበትን ወርና ዓመት፣ ባይሆን ሲሄድ ማን አርግዛ እንደነበረች ጠይቁ (የእናቴ ታላቅ እኅት በ1944 ክረምት አባቷ በሌለበት ነው የተወለደችው፣ ይሄ ብቻውን መልሱን ይሰጠን ነበር)። የክብር ዘበኛ ሰው ከሆነም ጠይቁ፣ ቃኘው የተመለመለው ከዚያ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ ቃኘው በ7ኛው ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ስለተዋጋ የሬጅመንቱ ሪፖርት ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ነው የሚመዘግበው፣ እንደ ወልደና ገብረ ያለውን ስም ደግሞ እንደፈለገ ነው የሚጽፈው፣ እዚያም በስም ከመፈለግ በቀን መፈለግ ይሻላል። እኔ ከቤቴ ብዙም የማይርቀውን ቦታ ትቼ ነው ውቅያኖስ ያቋረጥኩት፣ ግን ሻለቃውን ሳላውቅ እዚያም ብሄድ ምን ልጠይቅ ነበር?

ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ፎቶውን ስካን አድርጎ በትልቁ አጠበልኝ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ቀለሙን ላሳምረው ብሎ ፊቱን እንዳይነካካው ብቻ አስጠንቅቁት።

አንዱን ቅጂ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ቅዳሜ የሚመጣ የዚያው ሻምበል ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ያውቀው ይሆናል አሉ። የእኔ በረራ ዓርብ ነበር። አክስቴ ሄደች፣ በስልኳ ቀድታ የአርባ ደቂቃ ድምፅ ላከችልኝ። ሠላሳው ደቂቃ ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያ በረዶ የሞርታሩን መቀመጫ የትኛው ሻምበል የበለጠ ተሸክሟል ብለው ሲጨቃጨቁ ነው። አያቴ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፦ «እሱማ ብርዱን አይችልም ነበር፣ የእኔን ካልሲ ሁለት ጊዜ ወስዷል።»