አንዴ ከፍሎ ሁለት ቤት መጫወት፦ ኤክስቦክስ፣ ስቲም ወይስ የቴሌግራም አካውንት?

"የቪዲዮ ጨዋታ ከየቱ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዛ። ፒያሳ ማኪያቶዬን እንኳ በሰላም አላስጠጣ አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ላፕቶፔ ደሴ ነው፤ ኤክስቦክሱ (ቲቪ ላይ የሚሰካው የማይክሮሶፍት ጨዋታ ማጫወቻ) ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት። ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እዚያው አድራለሁ። አንድን ጨዋታ ሁለቴ የምገዛበት ብር የለኝም።

መጀመሪያ ርካሹን ሞከርኩ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ያለበት አካውንት ቴሌግራም ላይ በ1,500 ብር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ነዳሁ። አንድ ማታ "የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው" አለኝ። ሻጩ አካውንቱን መልሶ ወስዶ እኔን ብሎክ አድርጎኛል። መኪናዎቼም አብረው ሄዱ። ቀጥሎ በ100 ብር ክራክ (ያልተከፈለበት የተሰረቀ ቅጂ) በፍላሽ አስጫንኩ። ቫይረስ ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ እንደገና ለማስጫን 600 ብር። ደምሩት፦ 2,200 ብር ወጥቶ አንድም ጨዋታ የለኝም።

አሁን የምመክረው ኤክስቦክስ ፕሌይ ኤኒዌርን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የጀመረው። አንዴ በዲጂታል የገዛችሁት ኤክስቦክስም ላይ፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል። ፎርዛ ሲወጣ 60 ዶላር ነበር፤ ለየብቻ ቢገዛ 120 ሊሆን ነው። እኔ ግማሽ ዋጋ እስኪገባ ጠብቄ ገዛሁ። የኢንተርኔቱን ወጪ ግን አትርሱ፤ ከ100 ጊጋ በላይ ነው፣ ያውም ሁለት ቦታ ማውረድ አለ።

የደረስኩበት በኢንተርኔት ስለሚቀመጥ ደሴ ያቆምኩትን ኮምቦልቻ እቀጥላለሁ። አንዴ ብቻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ላፕቶፑን ዘግቼ ወረድኩ። ወንድሜ ቤት ጨዋታውን ስከፍተው የሐሙሱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የዓርብ ማታ ድሌ ደሴ ቀርቷል!

ሁሉም ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። ኤፍሲ 24 የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ለኤክስቦክስ የገዛ ሰው ለኮምፒውተር እንደገና ይከፍላል። ከመክፈላችሁ በፊት የፕሌይ ኤኒዌር ምልክት መኖሩን እዩ።

ስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ) ኮምፒውተር ብቻ ላለው ጥሩ ነው። በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ካልጣማችሁ ገንዘባችሁን ይመልሳል። እዚያ የገዛችሁት ግን ኤክስቦክስ ላይ አይከፈትም። ለእኔ አልሆነም።

ዲስክስ? መልሶ መሸጡ ደስ ይላል። ፕሌይ ኤኒዌር ግን በዲስክ የለም። አንድ ጓደኛዬ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከመግዛቱ በፊት "ይርከሳል" ብሎ ሦስት ዲስክ ገዛ። ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ዲስኮቹ እስካሁን ፕላስቲካቸው አልተቀደደም። የሚፈልግ ካለ ይሸጣል።