ጨዋ ልጅ አዘዝኩ፣ ጨዋ ልጅ መጣችልኝ፦ ስለ አንድ የሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ

ገርጂ ውስጥ ትንሽ ኬክ ቤት አለችኝ። ከነጋጋሪው ሰባት ነን። ድሮ ሠራተኛ የማገኘው በዘመድ፣ በጎረቤት ወይ በሰፈር ደላላ ነበር። ዘንድሮ ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ግን ደንበኛዬ የጠቆመችኝ ኤጀንሲ ሄድኩ። በእነሱ በኩል ሁለት ሰው ቀጥሬ፣ ጾሙንም ፋሲካውንም አልፌ ነው ይህን የምጽፈው። ስማቸውን አልጠራም። ከጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ኮሪደሩ ላይ ሥራ ፈላጊዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እኔ ሳልፍ ሁሉም ቀና አሉ። እውነት ለመናገር ልብ ይነካል። ውስጥ ያለው ልጅ ግን ቀልጣፋ ነው። ክፍያው የመጀመሪያው ወር ደሞዝ 40 በመቶ ሲሆን የምከፍለው እኔ ብቻ ነኝ። ከልጆቹ እንደማይቀበሉ ለብቻቸው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ለዚህ ዋጋ የልጅቷን የፋይዳ መታወቂያ ያያሉ፣ ተያዟ ጋ ራሳቸው ይደውላሉ፣ የቀድሞ አሠሪዋን ያነጋግራሉ። ተያዥ ማጣራት ስንት ቀን እንደሚበላ የሞከረው ያውቀዋል። ይህን ሥራ አሳምረው ይሠራሉ።

ከዚያ ፎርም ሰጠኝ። «የሚፈለግ ጸባይ» የሚል መስመር አለው። ብዙም ሳላስብ «ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ሰው አክባሪ» ብዬ ሞላሁ። ከሥሩ ደግሞ «ሃይማኖት» ይላል። ልጁ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «ኬክ ቤት ከሆነ የጾም ስለሚኖር ኦርቶዶክስ ላድርግልዎት?» አለኝ። ሕጉ ሠራተኛን በሃይማኖትም በብሔርም መለየት ይከለክላል። ባዶውን ተወው አልኩት። አልዋሽም ግን፣ በልቤ «ኦርቶዶክስ ብትሆን ይቀለኝ ነበር» ብያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መጣች። አንገቷን የደፋች፣ ሰዓት አክባሪ፣ ስትጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿ የማይሰማ። ሁላችንም ወደድናት። ጋጋሪያችን «እንዲህ ነው እንጂ ሠራተኛ!» አለ። ጋጋሪያችን ደግሞ ሰው ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም።

ጾሙ በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እኛ ቤት የጾም ትሪው ለብቻ፣ ቢላውም ለብቻ ነው። እጀታው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ጠቅልለንበታል። ያን ቀን ጋጋሪው የልደት ኬክም ነበረበትና ተቻኩሎ የፍስኩን ክሬም በጾሙ ኬክ ላይ ቀባው። ሁለቱም ክሬሞች ነጭ ናቸው፣ የተቀመጡበት ጎድጓዳ ሳህንም አንድ ዓይነት ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ ሳጥን እየዘረጋች ነበር። አይታለች። ዝም ብላ አሸገችው። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሳጥኑን ይዘው ተመለሱ። «ጾሜን አስገደፍሽኝ እኮ ልጄ» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ልጅቷን ጠራኋት።

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

የሽርጧን ጫፍ እያፍተለተለች «እሱ ታላቄ ነው። ደግሞ ኤጀንሲዎቹ ‹እዚያ ቤት የሚፈልጉት ጨዋ ነው፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ› ብለው ነው የላኩኝ» አለችኝ።

ምን ልበላት? ያዘዝኩት ነው የመጣልኝ።

በንዴት ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ። «ካልተስማማችሁ እንተካለን» ያሉት ለ30 ቀን ነው፣ እኔ 36ኛው ቀን ላይ ነኝ። ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙከራ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ቤት አሥር ሳምንት ማለት ነው። የእነሱ ዋስትና ግን ሰው ገና እንግዳ ሳለ ያልቃል። በመጀመሪያው ወር ማን ጨዋ ያልሆነ አለ? ደግሞ የሰጡኝ የውል ቅጽ ስለ ሙከራ ጊዜ አንድ ቃል የለውም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት። እኔ ነኝ በእጄ ጽፌ የጨመርኩት።

በዚያው ሰሞን አስተናጋጃችን አግብታ ሐዋሳ ሄደችና ሌላ ሰው አስፈለገኝ። ተመልሼ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጸባይ የሚለው መስመር ላይ «ስህተት ስታይ የምትናገር፣ ጥፋቱ የኔ ቢሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ አንብቦ ሳቀ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው ማን ይፈልጋል?» አለኝ። ሳልቀጥር በፊት የሚልኳቸው ልጆች ግማሽ ቀን አብረውን እንዲሠሩም ጠየቅኩ። እምቢ አሉ። የሙሉ ቀን እከፍላለሁ ስል እሺ አሉ።

ሦስት ሰው ላኩ። አንዷን ሠራተኞቼ በጣም ወደዷት። ምሳ ላይ ሲያጎራርሷትና ሲስቁ ቆዩ፣ ወዲያው ቅጠሪያት አሉኝ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ከምሳ በኋላ ትሪ ሲታጠብ አላየኋትም።

የቀጠርኩት ሒጃብ የምታደርገውን፣ ቆጣ ቆጣ የምትለውን ልጅ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ጋጋሪውን «ይሄ ጄላቲን ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላ አፋጠጠችው። የጠየቀችው ለራሷ ሃይማኖት ነው። መልሱን ሲያጣ ዕቃውን ተቀብላ ጽሑፉን አንብባ መለሰችለት። እሱ ቅር አለው።

ሕማማት ሊገባ ሲል የለመድነው ማርጋሪን ገበያ ላይ ጠፋና አቅራቢያችን ሌላ ዓይነት አመጣልን። ማርጋሪን ያው ማርጋሪን ነው ብለን ልንከፍት ስንል ካርቶኑን ገልብጣ «እትዬ፣ ይሄ የወተት ዱቄት አለበት፣ ለጾም አይሆንም» አለችኝ። አላመንኳትም። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አለበት። ስምንት ካርቶን ነው የመለስነው። ጋጋሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዕቃ ሲመጣ እሷን ሳይጠራ አይከፍትም፣ ቅሬታው ግን ሙሉ በሙሉ የወጣለት አይመስለኝም።

የመጀመሪያዋንም አላሰናበትኳትም። የቢላው ፕላስተር ሲላቀቅ አሁን የምትነግረኝ እሷ ናት፣ በሹክሹክታ ቢሆንም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ። የሃይማኖቱን መስመር ከፎርሙ ቢያወጡና ዋስትናውን ወደ 60 የሥራ ቀን ቢያሳድጉ አራት እሰጥ ነበር። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ስልክ አለማንሳታቸውም ያናድዳል። ለመስከረም አንድ ረዳት ጋጋሪ ስለምፈልግ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ። ፎርሙን ግን ከወዲሁ ተቀብዬ ቤት ወስጄዋለሁ፣ ማታ ማታ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ነው።