ስካርሌት ቱ አይ ቱ ለቤት ስቱዲዮ

ደሴ ላይ ቤታችሁ ውስጥ ስቱዲዮ ልታደራጁ ያሰባችሁ ልጆች መጀመሪያ ሳውንድ ካርዱ (የማይኩን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ዕቃ) ላይ ብር አውጡ፣ ስፒከሩ ይደርሳል። እኔ የፎከስራይት ስካርሌት ቱ አይ ቱን ነው የምጠቀመው በጣም ወድጄዋለሁ፣ ሁለት ማይክ ይቀበላል፣ 48 ቮልት የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኗት ኮንደንሰር ማይክ (ለመስራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገውን ማይክ) ያስነሳል፣ ደሞ ፓወሩን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ቀረጻው አይቋረጥም ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። በአንዱ ማሲንቆ በሌላው ዘፋኝ አርገን አምባሰል ስንቀዳ የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ጌይኑ (የማይኩን ድምፅ የምትጨምሩበትና የምትቀንሱበት ማዞሪያ) ዙሪያ ያለችው መብራት ቀይ ካበራች ወዲያው ቀንሱ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ሚዲ መሰኪያ (ኪቦርድ የሚሰካበት ክብ ቀዳዳ) ግን የለውም፣ ኪቦርዳችሁ በዩኤስቢ የሚሰራ ካልሆነ ይቸግራችኋል። ደሞ ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ።