ከአያት ወዲያ ያለ ቤተ መጻሕፍት፦ የልጆች የሕይወት ታሪክ መደርደሪያ

ከአዲስ አበባው አያት ሰፈር አለፍ ብሎ በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ያለ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የሚሆኑ የሕይወት ታሪኮችን 920 በሚል የቤተ መጻሕፍት መለያ ቁጥር ለብቻ ደርድሯል። ቀጫጭኖቹ ከታች፣ ወፍራሞቹ ከላይ ናቸው እንጂ በክፍል ደረጃ አልተለዩም። ቀጭን ሁሉ ለትንንሾች አይሆንም፤ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማስነበብ ይሻላል። ልጁ ከአምስት ቃል በላይ ላይ ከተደናቀፈ መጽሐፉ ገና ነው።

ምርጫው ወደ ሯጮች ያደላል፦ አበበ ቢቂላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ። ሩጫ የማይወድ ልጅ ትንሽ ይቸገራል።

ትልቁ ጉድለት ዓመቱ ላይ ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሱት አንዳንዶቹ የፈረንጁን ቁጥር እንዳለ ወስደው «ዓ.ም.» ይሉታል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952። «1960 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ታሪኩን ስምንት ዓመት ገፍቶ ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈበት የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ደጃፍ ላይ ያደርሰዋል። በትክክል የተጻፈውም ልጅን ያጠያይቃል፦ አበበ ዳግመኛ ያሸነፈበት የቶኪዮው ሩጫ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ስለሆነ ሲቀነስ አምስት ዓመት ይመጣል፤ ኦሊምፒክ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ነው። የሮሙ ሩጫ በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ ስለዋለ ነው። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 መቀነስ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ በእርሳስ ቢጻፍ ምን ነበረበት?

ለትንንሾቹ የተጻፉት ንግግር ይፈጥራሉ፤ እናት ለልጇ ያለችው ሁሉ በጥቅስ ምልክት ተቀምጧል። ለንባብ ይጥማል፤ ለቤት ሥራ ግን ባይጠቀስ ይመረጣል። ሰዎቹ ራሳቸው የጻፏቸው ጥቂት ናቸው፣ ከሰባተኛ ክፍል በታችም ይከብዳሉ። የልጅነት ሰፈርንና የዘመድ ስም አጥርተው ይይዛሉ፣ ጸሐፊው የተወቀሰበትን ጉዳይ ግን በሁለት መስመር ያልፉታል። ስለዚያው ሰው ሌላ የጻፈው ካለ አብሮ መዋስ ነው።

ለመዋስ ከመፈረም በፊት መካከለኛ ገጾቹን ማየት ያስፈልጋል። በሙጫ ብቻ የተያያዙት ፎቶ ኮፒ ሲነሡ ጀርባቸው ተሰንጥቆ ቅጠላቸው ይወልቃል፤ በክር የተሰፉት ይቆያሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ወንበሩን ሁሉ ተፈታኞች ስለሚይዙት፣ ከልጅ ጋር ለመቀመጥ ቅዳሜ በጠዋት መድረስ ይሻላል።