ፕሮፖፎልን ከምን ጋር እናጣምር? ለሆስፒታል ገዢዎች ንጽጽር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለኦፕራሲዮን ክፍል የግዢ ጥያቄ የምትሞሉ የሰመመን ባለሙያዎችና ፋርማሲስቶች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። በጀቱ ያው የምታውቁት ነው። በሽተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ቢላ እስከ መጨረሻው ስፌት ሳይባንን፣ ከልክ በላይም ሳይሰምጥ፣ እኩል ተኝቶ መቆየት አለበት። የኔን ምርጫ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ፕሮፖፎልና ጥቂት ኬታሚን፣ በየራሳቸው ሲሪንጅ፣ መድኃኒቱን በእኩል ፍጥነት በሚገፋና ባትሪው በሚታመን ፓምፕ።

ፕሮፖፎል ለብቻው ለምን አይበቃም? ያስተኛል እንጂ ሕመም አያስታግስም። ቢላው ሲያርፍ ሰውየው ይንቀሳቀሳል። እሱን ለማቆም መጠኑን ስትጨምሩ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ትንፋሹም ይደክማል። ሕመሙን የሚይዝ ሌላ መድኃኒት ከጎኑ ካለ ግን በትንሹ ይበቃል፣ ጥልቀቱም አይዋዥቅም። ስለዚህ ጥያቄው አጋሩ ማን ይሁን ነው።

ኬታሚን ሕመም ይይዛል፣ የደም ግፊትን ይደግፋል፣ ትንፋሽንም እንደ ሌሎቹ አይጫንም። ለፕሮፖፎል ድጋፍ ሲሆን በሰዓት ለአንድ ኪሎ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ይበቃል። ለ60 ኪሎ ሰው ይህ በሰዓት ከ6 እስከ 18 ሚሊግራም ማለት ነው፤ 500 ሚሊግራም ከያዘ ብልቃጥ አንጻር ኢምንት ነው። ምራቅ ያበዛል፣ ሲነቁም ቅዠት አለው፣ ፕሮፖፎል ሲኖር ግን ቅዠቱ ይቀንሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአንጎል ሞገድ የሚያነብ ቢአይኤስ ካላችሁ ኬታሚን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከ40 እስከ 60 መሆን የነበረበት ቁጥር ከዚያ ስላለፈ ብቻ ፕሮፖፎል አትጨምሩ፤ በሽተኛውን እዩት።

ፌንታኒል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የደም ግፊቱ ከፍ ላለና ልቡ ለታመመ ሰው ይሻላል፣ ምክንያቱም ኬታሚን የልብ ምትን ያፈጥናል። በየተራ በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ጥሩ ነው። ለረጅም ሰዓት በፓምፕ ሲፈስ ግን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽንም ያዘገያል። ይሄ ነገር ለኛ አካባቢ ከሌላው ይበልጥ ያሳስባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እዚያ ወደ 540 ይወርዳል። መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ኦክስጅን ሳያገኝ በማገገሚያ ክፍል የተኛ በሽተኛ ትንፋሹ ትንሽ ሲዘገይ ኦክስጅኑ ቶሎ ያሽቆለቁላል። ፌንታኒል ስታዙ እዚያው ዝርዝር ላይ ናሎክሶን፣ ማለትም ማርከሻውን፣ ጻፉ፤ ለማገገሚያ ክፍሉም ኦክስጅንና በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ መኖሩን አረጋግጡ።

የፌንታኒል ዘመድ የሆነው ሬሚፌንታኒል በሥራው ከሁሉም ይበልጣል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ለስንት ሰዓት ቢፈስ፣ ስታቆሙት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ችግሩም ይኸው ነው። ፓምፑ ቆመ ማለት የሕመም ማስታገሻው በደቂቃዎች ውስጥ የለም ማለት ነው፣ ኦፕራሲዮኑ ሳያልቅም ሌላ ማስታገሻ ማስቀደም ግዴታ ነው። ብዙ ፓምፕና በቂ ባለሙያ ላለው ሪፈራል ሆስፒታል ይሁን፤ ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አሁን አትግዙት። ቲዮፔንታል ለማስተኛት እንጂ አስተኝቶ ለማቆየት አይሆንም፣ ይጠራቀማል።

ፕሮፖፎልንና ኬታሚንን አንድ ሲሪንጅ ውስጥ ቀላቅሎ መስጠት፣ ማለትም ኬቶፎል፣ ለአጭር ሥራ ይመቻል፦ ስብራት ማስተካከል፣ ቁስል ማጽዳት። ሰዓት ለሚፈጅ ኦፕራሲዮን ግን አልመክርም። አንዱን ስትጨምሩ ሌላውም አብሮ ይጨምራል፣ ኬታሚኑም ከፕሮፖፎሉ ይልቅ ስለሚቆይ በሽተኛው ዘግይቶ ይነቃል።

አሁን ወደ ፓምፑ። የመድኃኒቱን ስም ስናወዳድር የምንረሳው እሱን ነው፣ ጥልቀቱን እኩል የሚያደርገው ግን በአብዛኛው እሱ ነው። በእጅ እየገፉ መስጠት ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ተራ ሲሪንጅ ፓምፕ ላላችሁ፣ የታወቀው የ10፣ 8፣ 6 አሠራር አለ። መጀመሪያ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ከዚያ በሰዓት ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊግራም ለ10 ደቂቃ፣ 8 ሚሊግራም ለሌላ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ 6። ለ60 ኪሎ ሰው፣ 1 ፐርሰንት በሆነው ፕሮፖፎል፣ ፓምፑ ላይ 60፣ 48፣ ከዚያ 36 ሚሊሊትር በሰዓት ትጽፋላችሁ። ደምሩት፦ መነሻው 6 ሚሊሊትር ሲታከል የመጀመሪያው ሰዓት በድምሩ 48 ሚሊሊትር ይፈጃል፤ ባለ 20 ሚሊሊትር አምፑል ከሆነ ሦስት ነው። የዓመት ጥያቄያችሁን በዚህ ስሌት ሥሩት። ለሽማግሌና ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀንሳል፤ አሠራሩ ራሱም የወጣው ከፌንታኒልና ናይትረስ ኦክሳይድ ከተባለው የሰመመን ጋዝ ጋር ስለሆነ ያለ አጋር መድኃኒት አትጠቀሙበት።

ቲሲአይ የሚባለው ፓምፕ ይህን ስሌት ራሱ ይሠራል። ከ1996 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው፣ እናንተ በደም ውስጥ የምትፈልጉትን መጠን ትነግሩታላችሁ። ነገር ግን ማርሽና ሽኒደር የተባሉት የስሌት ሞዴሎች ለአንድ ዓይነት ቁጥር የተለያየ መጠን ይሰጣሉ። ቡድኑ አንዱን መርጦ ካልሠለጠነበት አደጋ ነው። ሥልጠናው ካልተረጋገጠ ሁለት ጥሩ ተራ ፓምፖች ይሻሏችኋል።

ሻጩን ስትጠይቁ ስለ ስክሪኑ ውበት አትስሙ። እኛ የምናገኘውን ሲሪንጅ ማርካ ያውቃል ወይ? ሲሪንጁን ካላወቀው የሚሰጠው መጠን ይሳሳታል። መብራት ሲጠፋ በሙሉ ፍጥነት ስንት ሰዓት ይሠራል? እዚያው ፊታችሁ ከሶኬት ነቅሎ ያሳያችሁ። መስመሩ ሲዘጋ ይጮሃል ወይ? መለዋወጫ ባትሪ ከየት ይመጣል?

የእንግሊዝና የአየርላንድ የሰመመን ሐኪሞች በ2014 ባወጡት ትልቅ ጥናት፣ በደም ሥር ሰመመን ወቅት በሽተኛ ከነቃባቸው ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ ደም ሥር አለመድረሱ ነበር፦ ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ወጥቶ፣ መስመሩ ተላቆ። በጋዝ ሰመመን ማሽኑ የሚወጣውን ትንፋሽ መለካት ይችላል፣ በፕሮፖፎል እንዲህ ያለ ምስክር የለም። የጡንቻ ማላሊያ ከተሰጠ ደግሞ በሽተኛው ቢነቃም መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ካኑላው ከጨርቅ በላይ ለዓይን ይታይ። ፈሳሽ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ያለውን መስመርም በዝርዝሩ ላይ አስገቡ፤ ርካሽ ነገር ነው።

ማከማቻው ይቀራል። ፕሮፖፎል የዘይት ውህድ ስለሆነ በረዶ መሆን የለበትም፣ ከ25 ዲግሪም ማለፍ የለበትም። ደብረ ብርሃን በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜውን ተጠንቀቁ፤ ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ነው ጠላቱ። አንዴ ሲሪንጅ ውስጥ የገባው ከገባ 6 ሰዓት ሲሞላው ይደፋል፣ ዘይቱ ላይ ጀርም ስለሚራባ። ለአጭር ሥራ የሚበዛ ከሆነ ባለ 50 ሚሊሊትር ብልቃጥ ሳይሆን ባለ 20ውን እዘዙ።