የጡት ወተት ማለብ፦ በእጅ ወይስ በፓምፕ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጅ ይበልጣል። እንገር ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ የፓምፑ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በእጅ ሲታለብ ግን በሻይ ማንኪያ ተቀብሎ ወዲያው ለሕፃኑ መስጠት ይቻላል። እጅን በሳሙና ታጥቦ አውራ ጣትን ከላይ፣ ሌባ ጣትን ከታች፣ ከጡቱ ጫፍ 2-3 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ መያዝ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ይልጣል። ጫፉን ብቻ መጭመቅም ያማል እንጂ ወተት አያወጣም።

ወተቱ ከሞላ በኋላ፣ በተለይ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚሰጠው የ90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ አልቆ ሥራ ለምትመለስ እናት፣ ፓምፕ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሁለቱን ጡት ባንዴ የሚያልበው በ15 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ጡት ላይ የሚገጠመው አፉ ከሰፋ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ አብሮ ስቦ ያሳብጣል፤ ከጠበበ ጫፉን እየፈተገ ያቆስላል። ኃይሉን ማብዛት ወተት አያበዛም፤ ካመመ ይቀነስ። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ዕቃውን በሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠብ በማይቻልበት ቦታ፣ እጅን የሚተካ የለም።

የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። በሩ ላይ ግን አይቀመጥ፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ይገባዋል።