ለትንሿ ክሪክ፦ ሻካራ ጥርስ ወይስ ደቃቅ?

ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚልግ ማሽን) ላይ የታሰረ ዕቃ አንድ ጫፉ አየር ላይ ከቀረ፣ ከሥሩ ትንሽ ባለ ቡሎን ክሪክ ይገባል። ጥያቄው የቡሎኑ ጥርስ ነው። ተራው፣ ማለትም ሻካራው፣ የ10 ሚሊሜትር ቡሎን በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር ይወጣል፤ ደቃቁ ለምሳሌ 1 ሚሊሜትር። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ግን ደቃቁን ሩብ ዙር ስታዞሩት ዕቃውን 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ያነሳዋል። ክሪኩ ዕቃውን ነክቶ እንዲቆም እንጂ ገፍቶ እንዳያጎብጠው ይሄ ወሳኝ ነው። ደቃቁ በንዝረትም ቶሎ አይላላም።

ባለ ሻካራ ጥርሱ ቡሎን የትም ይገኛል፤ የብረት ብናኝም እንደ ደቃቁ አያስቸግረውም። እኔ ግን ደቃቁን ነው የምለው፣ በተለይ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላለው ሰው። ጥርሱን ራሱ ያወጣዋላ! ከሁለቱ የቱንም ብትሠሩ የቡሎኑን አናት ትንሽ ጉብ አድርጉት፤ ዘመም ያለ ገጽ ላይ በጠርዙ እንዳይቆም። ማጥበቂያ ዳዶም ጨምሩበት።